እህቴ ስታማትብ የቆመው መኪና

ከእህቴ መኪና ጋር የተጣላሁት ዳገት ላይ ነው። ከእህቴ ጋርም የተጣላሁት እዚያው ዳገት ላይ ነው፤ እሷ ግን መጣላታችንን እስከ ዛሬ የምታውቅ አይመስለኝም።

ዳገቱ ወደ አባቴ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው አስፋልት ጥቂት እንደተነዳ ወደ ግራ የሚታጠፍ የጠጠር መንገድ አለ። መጀመሪያ በበቆሎ ማሳ መሀል ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ወንዙን ሲሻገር ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ በጥዶቹ መሀል፣ ደብሩ አለ። የአባቴ ቤት ከደብሩ በላይ ነው። አባቴ እግራቸው ደህና ሳለ ከመኪና ወርደው ነበር የሚሳለሙት። ጉልበታቸውን ከያዛቸው ወዲህ ግን መኪናው ራሱ በሩ ፊት ለፊት መቆም አለበት። ከበሩ ዝቅ ብዬ ላቁም ብል አይሆንም። አልፌ ከበላዩ ያለው ሜዳ ላይ ልቁምና ዞረው ይሳለሙ ብልም አይሆንም።

"ታቦቱን በማጅራቴ ልሳለመው ነው?" ይሉኛል።

ስለዚህ በየወሩ፣ የስኳር ክትትላቸውን ጨርሰው ከፍኖተ ሰላም ስመልሳቸው፣ መኪናዬን የዳገቱ ወገብ ላይ አቆማለሁ። ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። የእኔ መኪና ግን አሮጌ ናት። የእንስሳት መድኃኒት ቤቴን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት የገዛኋት ናት፤ ለጅጋ ገበያ ዕቃ የማደርሰውም በእሷ ነው። ሚኒሞዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆማ እያለች እግሬን ከነዳጁ ላይ ካነሳሁ ሞተሯ ይጠፋል። የእጅ ፍሬኗ ደግሞ ጥርሱ ስላለቀ ወደ ላይ ስቤ በእጄ ካልያዝኩት አይነክስም። መካኒኩ ዕቃው ከባሕር ዳር ይመጣል ካለኝ ቆይቷል፤ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ። እንግዲህ አባቴ ሲጸልዩ እኔ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እግሬ ነዳጅ ላይ፣ ግራ እጄ መሪ ላይ፣ ቀኝ እጄ የእጅ ፍሬኑ ላይ ሆኖ፣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እሳቸው ደግሞ አይቸኩሉም። ለሞቱት ይጸልያሉ፣ ለታመሙት ይጸልያሉ፣ ለዝናቡ ይጸልያሉ። በመጨረሻ "በይ እንሂድ" ሲሉኝ መኪናዬ አንድ ስንዝር፣ ሲብስባት አንድ ክንድ ወደ ኋላ ትልና ከዚያ ትወጣለች። ከኋላ በእግር የሚመጡት ሴቶች አመሏን ስለሚያውቁ "ቆይ፣ ትመለሳለች" ተባብለው ጥግ ይይዛሉ።

አንድ ቀን አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንች አታማትቢም እንዴ?"

"እጄ ተይዟል አባዬ።"

"ለእግዜርም አይፈታ?" አሉኝ። ብለቀው ታቦቱን ትተን ወንዙ ውስጥ ነው የምንገኘው ማለት ፈልጌ ነበር፤ ለአባት እንዲህ አይባልምና ዋጥኩት።

መንዳት የተማርኩት ቡሬ ነው። አስተማሪያችን ዳገት ላይ ያቆመንና ከኋላ ጎማው ሥር የክብሪት ቀፎ ያስቀምጥ ነበር። ስንነሳ ቀፎውን የጨፈለቅን እንደገና ከተራው መጨረሻ እንሰለፋለን። እኔ አንድም ቀፎ አልጨፈለቅኩም። ይህን የምናገረው ለጉራ ብቻ አይደለም፣ ለጉራም ቢሆን ግን ያምርብኛል። እህቴ የተማረችው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ዳገት የት ነድታ ታውቃለች?

እህቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ እንደሚቀየር ሰዎች ነግረውኛል፤ ልክ ናቸው። ልጆች ሳለን ለንግሥ ስንሄድ አባቴ እሷን ትከሻቸው ላይ ያስቀምጧታል፤ እኔ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ ከሥር ከሥር እሮጣለሁ። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ስወጣ "ደግ" አሉ። እሷ ከስንት ጊዜ አንዴ ሰባተኛ ስትወጣ ዶሮ ታረደ። ምነው ብዬ ስጠይቅ እናቴ "ለእሷ እኮ ትምህርቱ ይከብዳታል" አለችኝ። ለእኔ ቀላል መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ሳጠና ሁሉም ተኝተው ነበር።

እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ናቸው። መሬቱን የአጎቴ ልጅ ያርሰዋል፤ ሚስቱ ምግብ ታቀብላቸዋለች። ነገር ግን ጉልበታቸውም ስኳራቸውም እየባሰ ሲሄድ አንዳችን ጋ መግባት እንዳለባቸው ዘመዱ ሁሉ ያወቀው ነገር ሆነ። ወይ ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ፣ ወይ ባሕር ዳር እህቴ ጋ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ፊት ለፊት አይወራም፤ ዙሪያውን ይኬዳል። እኔ የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀባሁ፣ ጉልበታቸው እንዳይቸገር ዝቅ ያለ አልጋ አሠራሁ። በየወሩ ከክትትሉ በኋላ እኔ ቤት ምሳ ሲበሉ በሩን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።

"ይሄ ክፍል ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል አባዬ።"

"ደግ ነው።"

"እንዲያው ባዶውን ነው የሚውለው።"

"ቤት ሲሞላ ነው የሚያምረው" ይላሉና ወደ ምሳቸው ይመለሳሉ።

እንዲህ ስንባባል ሁለት ዓመት ሞላን። እኔ የተግባባን መስሎኝ ነበር። ከሁሉም በላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። አባቴ በራሳቸው አፍ "ትልቋ ልጄ ጋ ነው የምገባው" እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እኔን እንዲመርጡ። ፀሐይ ስለሚገባው ክፍል ሳወራ የማወራው ስለዚህ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የባሕር ዳሩ መንገድ ክፍት በነበረበት ሰሞን፣ እህቴ አዲስ መኪና እየነዳች መጣች። ረቡዕ ነበር። ብቻዋን ናት። ባልሽስ ስላት "ሥራ ላይ ነው" አለችኝ። መኪናው አመድማ ቀለም ያለው፣ ውስጡ አዲስ አዲስ የሚሸት፣ ባለ ማርሽ ነው። አባቴ የዚያን ቀን እኔ ጋ ስለነበሩ "ዛሬስ በእሷ እንሂድ" አሉ። የእኔ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ሁልጊዜ መሪውን ይዤ የምሄድበትን መንገድ ከኋላ ወንበር፣ ከአባቴ መድኃኒት ፌስታል ጋር ተቀምጬ ሄድኩት።

ደብሩ በር ላይ ስንደርስ አቆመች። አባቴ መጸለይ ጀመሩ። እሷም ዓይኗን ጨፍና አማተበች፤ ደግሞ አማተበች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ይህን ያህል ምን የሚያስጸልይ ነገር አላት ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ቤት አላት፣ ባል አላት፣ መኪና አላት። አባቴ "በይ እንሂድ" ሲሉ እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሳች። በዓይኔ አይቻታለሁ። አንስታ፣ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ፣ እንደገና አማተበች። የእጅ ፍሬኑን የነካው ሰው የለም። እኔ የለመድኩትን የአንድ ክንድ መንሸራተት ስጠብቅ የፊት ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ካማተበች በኋላ ነዳጅ ሰጥታ፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ሳይል፣ ሽቅብ ወጣ።

አባቴ በመስኮት አጎንብሰው መሬቱን አዩ። ከዚያ የእህቴን እጅ አዩ።

"ቆመላት" አሉ ለራሳቸው። ወደ እኔም ዞረው፣ "አየሽ? ስታማትብ ቆመላት!"

"መኪናው ነው አባዬ" አልኩ። "አዲስ መኪና ዳገት ላይ ራሱ ነው የሚይዘው።"

"ራሱ?"

"ራሱ።"

እህቴን በመስታወት አየኋት፤ ንገሪያቸው እንጂ ማለቴ ነው። "ሂል አሲስት ነው የሚሉት አባዬ" አለች፣ ፈገግ ብላ።

"ስሙን ምንም ይበሉት" አሉ አባቴ፣ ወደ ደብሩ በአገጫቸው እያመለከቱ። "የሚይዘውን እኔ አውቀዋለሁ።"

እህቴ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ቅናት ምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ባሰብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በአራቱም እጅና እግሬ ይዤ ያወጣኋቸውን ዳገት እሷ ምንም ሳትይዝ ወጣችው። ደግሞም ጸሎተኛዋ እሷ ሆነች። እኔ እጄ ስለተያዘ ሃይማኖት የሌለኝ ሆንኩ።

አባቴ ቤት ደርሰን ደጅ ስንቀመጥ ነገሩን ልታስረዳኝ ሞከረች። "እግርሽን ከፍሬኑ ስታነሺ ፍሬኑን እሱ ራሱ ይዞ ያቆይልሻል፣ እታለም። ወደ ነዳጁ እስክትሻገሪ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ግን..." ስትል ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃ ልጠጣ ነው አልኳት። አልጠማኝም ነበር። ዳገት ላይ ስለመነሳት ከባሕር ዳር የመጣ ሰው እንዲያስተምረኝ ስላልፈለግኩ ነው።

ወሬው ሰነበተ። አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ለእድርተኛው አወሩት፣ እድርተኛው ለሚስቱ አወራ። በሁለተኛው ወር አንዲት ሴትዮ ለበጎቿ የትል መድኃኒት ልትገዛ መጥታ የእህቴን ታሪክ ለእኔው ነገረችኝ።

"ታቦቱ ነው አሉ የሚይዝላት። እጇን ከፍ ስታደርግ መኪናው ቀጥ!"

"ታላቋስ?" አልኳት፣ መድኃኒቱን እየጠቀለልኩ።

"ታላቂቱማ ትንሸራተታለች አሉ።"

ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ መድኃኒት ይጠቀልላል? እኔ ጠቀለልኩ። በሚቀጥለው ወር ግን ዳገቱ ላይ በግራ እጄ ላማትብ ሞከርኩ። አባቴ አይተውኝ ኖሮ "በግራ አይማተብም" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቀኝ እጄን ለአንድ አፍታ ለቅቄ ከግንባሬ አድርሼ ልመልስ ስል የመኪናዋ ሞተር ጠፍቶ ከዛፎቹ ሥር እስክንደርስ ወደ ኋላ ተንደረደርን። አባቴ ባይናገሩም የሚያስቡት ይገባኝ ነበር፤ ወይም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

እህቴ ከዚያ ወዲህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር መምጣት አበዛች። ሁልጊዜ በሥራ ቀን፣ ሁልጊዜ ብቻዋን። ለአባቴ ጋቢ አመጣች፣ እኔ የገዛሁላቸው ሹራብ ሳጥን ውስጥ ገባ። ከእኔ ጋር ምሳ ሲበሉ "እህትሽ ደወለች?" ይላሉ። ለስኳራቸው የማይሆን ምግብ እንዳይበሉ የምቆጣቸው እኔ ነኝ፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ግን ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር እኔ አስቆጥቻቸውም አስቄያቸውም አላመጣሁትም። አንዳንድ ቀን ሱቅ ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ ያ መኪና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቴ እያዩ ወደ ኋላ ቢንሸራተትባት እል ነበር። እሷ እንድትጎዳ አይደለም። አንድ ክንድ ብቻ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ረቡዕ ቀን፣ አሁንም ብቻዋን መጣች። ፊቷ ከስቷል፤ እኔ ግን ያየሁት አዲሱን ሻርፕ ነው። አባቴ ከሐኪም ተመልሰው ምሳቸውን ጨርሰዋል። እህቴ ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ ወጣች። ተመልሳ ገብታ "ራሴን አሞኛል፣ እታለም። አንቺ በእኔ መኪና አድርሻቸው፤ እኔ ትንሽ ጋደም ልበል" አለችኝ። ቁልፉን ስትሰጠኝ ፊቷን አዙራ ነበር። እኔ ቁልፉን ነበር የማየው።

አስፋልቱ ላይ ስወጣ መኪናው ለመደልኝ። ፍሪሲዮኑ ልስልስ ያለ ነው፣ ሞተሩ ብቻውን አይጠፋም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬ ተሰጥቶ ሜዳው ቀልቷል። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እኔ ሐሳቤን ጨርሻለሁ። ደብሩ በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ሰብስቤ፣ ሳላማትብ፣ መኪናው ለማያማትብም ሰው እንደሚቆም አሳያቸዋለሁ። ታቦቱን መፈታተኔ አልነበረም፤ እህቴን ነበር የምፈታተነው። አባቴ ይህን ባዩ ማግስት ባሕር ዳርን የሚረሱት መስሎኝ ነበር። ቅናት የያዘው ሰው ሐሳቡ እንዲህ ነው።

በሩ ፊት ለፊት አቆምኩ። ከኋላችን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ሴት በሸራ ያሰጣችውን በርበሬ በእንጨት ታገላብጣለች። አባቴ ጸለዩ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው ጸለዩ። "በይ እንሂድ" አሉ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ቀኝ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ። ሁለት እጄንም ከመሪው ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ይዩኝማ። እጄን ይዩ። አላማተብኩም። ቆሟል አይደል?"

አዩ። "ቆሟል" አሉ።

እዚያ ላይ ነዳጅ ሰጥቼ ብነሳ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ግን ብዙ የምናገረው ነበረኝ። "እንግዲህ እህቴም ብትሆን..." ብዬ ስጀምር መኪናው ለቀቀኝ። ያ እህቴ ልትነግረኝ ጀምራ እኔ ውሃ ልጠጣ የሄድኩበት ነገር ይህ ነበር፤ መኪናው የሚይዘው እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ እስኪሻገር፣ ሁለት ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ብቻ ነው። ጉራና ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ወደ ኋላ ሄድን። አንድ ክንድ አይደለም። እግሬ ፍሬን ፈልጎ ነዳጅ ረገጠ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ አባቴ "ኧረ በስመ አብ!" አሉ። መሪውን ሳጣምም የኋላው ጎማ ሸራው ላይ ወጣ። ያን ጊዜ እጄ ከልቤ ቀድሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበውና ቆምን።

በሕይወት መኖራችንን ያወቅነው በማስነጠስ ነው። የተጨፈለቀው በርበሬ ብናኙ በመስኮት ገባ። አባቴ ያስነጥሳሉ፣ እኔ አስነጥሳለሁ፣ ሴትዮዋ እንጨቷን ይዛ እያስነጠሰች መጣች። መኪናውን አይታ ቆመች።

"ይህች የታናሺቱ መኪና አይደለችም? እሷማ ይቆምላት አልነበር?" አለች። ጎንበስ ብላ እኔን ስታየኝ፣ "አሃ!" አለች። "ታላቂቱ ነሽ።"

ዓይኔ በእንባ ሞልቶ ወረድኩ። በርበሬው ነው አልኳት፤ ግማሹ እውነት ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ መኪናውን ከሸራው ላይ ወደ ፊት አውጥቼ በሩ ጎን ጥግ አስያዝኩና ታኮ አደረግኩበት። ከሴትዮዋ ጋር ተቀምጬ የተበተነውን በእጄ ለቀምኩ። የተጨፈለቀውንም ለይተን ሌላ ቦታ አደረግነው፤ ለድልህ ይሆናል አለች። አባቴ ከመኪናው ውስጥ ያዩናል። ተመልሼ ስገባ "አየሽ" እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ነበር። ቢሉኝ የምመልሰውንም አዘጋጅቻለሁ።

አላሉም። እጄ እየነደደኝ መሪውን ሳልይዝ ተቀመጥኩ።

"መኪናው መሆኑን አውቃለሁ ልጀ" አሉ። "እህትሽ ያኑ ዕለት አስረድታኛለች። ሁለት ሦስት እስኪቆጠር ነው ብላኛለች።"

ጆሮዬን አላመንኩም። "ታዲያ ለምን ነው ለሰው ሁሉ ታቦቱ ያዘላት የሚሉት?"

"ስል ትስቃለች። ሌላ የሚያስቃት ነገር የላትም።"

ምን ማለትዎ ነው ስላቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባሏ ቤቱን ጥሎ ከወጣ ዓመት አልፎታል። መኪናውን ትቶላት ሄዷል። በሥራ ቀን የምትመጣው ሰው ባልሽ የት ነው እንዳይላት ነው። የሚደውልላትም እሱ ነው፤ በደወለ ቁጥር ራሷን ያማታል። ለማንም አይንገሩብኝ፣ ለእታለምም ቢሆን፣ ብላ አስምላቸዋለች። አሁን ግን እኔ እንዲህ ስሆን አይተው መሐላቸውን አፈረሱ።

ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ለእህቱ ያዝናል። እኔም በኋላ አዘንኩ፤ ብዙ ቀን አዘንኩ፣ እስካሁንም አዝናለሁ። በመጀመሪያ የተሰማኝ ግን ሐዘን አልነበረም። ምስጢሯን ለእሳቸው ነግራ ለእኔ አለመንገሯ፣ እሳቸውም ዓመት ሙሉ ከእኔ መደበቃቸው ነው ያንገበገበኝ። በመከራዋም ቀናሁባት። ይህን የምጽፈው እንደማያምርብኝ እያወቅኩ ነው።

"ከጥምቀት በኋላ እሷ ጋ እገባለሁ" አሉ አባቴ።

በሕይወቴ ለአባቴ ተናግሬበት የማላውቀውን ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር።

"እኔስ?"

"አንች ምን ጎደለሽ? ጠንካራ ነሽ።"

"ጠንካራ ናት ብሎ ማን ነገረዎት? እኔም እኮ ብቻዬን ነኝ። የሠራሁትን ብቻዬን ነው የምበላው። በየወሩ ክትትልዎ የሚደርስበትን ቀን እንደ በዓል ነው የምጠብቀው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ እሷን ነው የሚመርጡት። ከትከሻዎ ላይ ሳትወርድ እዚህ ደረሰች!"

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሴትዮዋ እንጨቷን ይዛ ቀና አለች። አባቴ ግን አልተቆጡም። ቀጥለው ያሉትን ሳያስቡ እንዳልተናገሩት እስካሁን እርግጠኛ ነኝ።

"እህትሽ ጉልበቴን ይዛ፣ አልቅሳ፣ ኑልኝ አለችኝ" አሉ። "አንች መቼ ኑ አልሽኝ?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሁሉ ፈለግኩ። በዙሪያው ሄጃለሁ፣ በአልጋው ብያለሁ፣ በቀለሙ ብያለሁ፣ በፀሐዩ ብያለሁ። ኑ የሚለውን ቃል ግን የትም አጣሁት።

"አሁን ብልዎትስ?" አልኳቸው። "ኑልኝ ብልዎትስ፣ አባዬ?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

"ትይኛለሽ ብዬ ሁለት ክረምት ጠበቅሁሽ" አሉ። "አሁንማ ቃሌን ለእሷ ሰጠሁ።"